አበባው የማን ነው?

አንድን ነገር ለሰው ስትሰጠው ከአንተ ዘንድ ምንም የማይጎድል ከሆነ፣ ያን ነገር የሚነፍግ ሰው ምን ይባላል? ስስታም እንዳንለው፣ ስስት በሚያልቅ ነገር ላይ ነው። ሌባ እንዳንለው፣ ከማንም ኪስ የወሰደው የለም። ጨካኝ እንዳንለው፣ እጁን በማንም ላይ አላነሣም። ታዲያ ምን እንበለው?

ይህ ጥያቄ የያዘኝ ፍልስፍና ክፍል ተቀምጬ አይደለም። በቻይና አገር፣ ሉኦያንግ በምትባል ከተማ፣ አበባ በሞላበት የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋሁ ሳለ ነው። ለምን እንደያዘኝና እስከ ዛሬም ለምን እንዳልለቀቀኝ ወደ በኋላ እናገራለሁ፤ የምናገረውም በራሴ ላይ ነው። በመጀመሪያ ግን መናፈሻውን ላሳያችሁ።

ጊዜው የ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ነበር። ለአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት የሔናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በሆነችው በዠንግጆው ተቀምጬ ነበር። ከዚያ እስከ ሉኦያንግ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አብሮኝ የሄደው ታሪክ የሚያጠና የአገሩ ልጅ ነው። «የሉኦያንግን ሙዳን ሳታይ ወደ አገርህ ብትመለስ ሰው ይስቅብሃል» ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ።

ሙዳን ማለት ፈረንጆች ፒዮኒ የሚሉት አበባ ነው። በእኛ ቋንቋ ስም ስለማላውቅለት በቻይንኛው ልጥራው። ተክሉ እንጨታም ቁጥቋጦ ሆኖ ቁመቱ ከሰው ደረት ብዙም አያልፍም፤ አበባው ግን ሁለት መዳፍ ገጥመው ሲዘረጉት ያህላል። ቅጠሉ እየተደራረበ፣ እየተደራረበ ይሄዳል። ምን ይመስላል ብትሉኝ ጥቅል ጎመን በሐር ቢሠራ ኖሮ ይህን ይመስል ነበር እላለሁ። ይህን ንጽጽር ለጓደኛዬ ብነግረው በጣም አዘነብኝ። ነጩ አለ፣ ሐምራዊው አለ፣ ጥቁር እስኪመስል የጠቆረ ቀይ አለ፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚፈነዳም አለ።

መናፈሻው ዋንግቸንግ ይባላል፤ ትርጉሙ «የንጉሥ ከተማ» ነው። ስሙን ያገኘው የምሥራቅ ጆው ነገሥታት መናገሻ በነበረው ፍርስራሽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1955 ስለ ተሠራ ነው። በመካከሉ ጂየን የሚባል ወንዝ ያልፋል። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1982 ሙዳንን የራሷ አበባ አድርጋ ሰይማዋለች፤ ከ1983 ጀምሮም በየዓመቱ በአበባው ወራት በዓል ስታደርግለት ኖራለች። ስለ አበባውና ስለ ከተማይቱ የሚተረት አንድ ተረትም አለ። ንግሥት ዉ ዘትየን በክረምት፣ በበረዶ መካከል፣ አበቦች ሁሉ እንዲፈነዱ አዘዘች አሉ። ሁሉም ታዘዘ፤ ሙዳን ብቻ እምቢ አለ። ንግሥቲቱም ተቆጥታ ወደ ሉኦያንግ አጋዘችው። ታሪክ አይደለም፣ ተረት ነው። ሆኖም ሕዝቡ አበባውን የሚወደው ለውበቱ ብቻ ሳይሆን ለእምቢታውም ጭምር መሆኑን ከዚህ መገመት ይቻላል።

ቲኬት ቆርጠን ገባን። የሰዉን ብዛት አልነግራችሁም፤ በየመንገዱ እንደ ጎርፍ ነው የሚፈስሰው። አሮጊቶች የሐር ሻሽ አንገታቸው ላይ ጥለው በአበባው ሥር ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ከበላይ ያያሉ። ልጃገረዶች የጥንት ዘመን ቀሚስ ተከራይተው ለብሰዋል። በሩ ላይ የአበባ ጉንጉን የሚሸጡ ሴቶች ነበሩና ጓደኛዬ አንዱን ገዝቶ ጭንቅላቴ ላይ ደፋብኝ። አንድ ሐበሻ ጎረምሳ የአበባ አክሊል ደፍቶ ሲንጎራደድ ይታያችሁ! ሰው ሁሉ ይስቅብኛል ብዬ ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም፤ ወንዱም ሴቱም ደፍቶ ነበርና። ጥቂት እልፍ እንዳልን አንድ ሰው የታሸገ ውሃ ካርቶን በትከሻው ተሸክሞ፣ ላቡ ጠብ ጠብ እያለ፣ «መንገድ! መንገድ!» እያለ አለፈን። እሱም አበባ ደፍቶ ነበር።

ጓደኛዬ ቆመና፣ «ይህን ሰው መጽሐፍ ውስጥ አውቀዋለሁ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦውያንግ ሺዩ የሚባል ታላቅ የቻይና ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1031 ገና ወጣት ሹም ሳለ ወደ ሉኦያንግ መጣ፤ እስከ 1034 ድረስም ቆየ። ስለ ከተማይቱ ሙዳን አንዲት አነስ ያለች መጽሐፍ ጻፈ። 24 ዓይነት ሙዳን እየዘረዘረ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደሚተከል ይናገራል። በዚያች መጽሐፍ ውስጥ፣ በፀደይ ጊዜ የከተማይቱ ሰው ታላቅ ታናሽ ሳይል አበባ እንደሚሰካ፣ ሸክም ተሸካሚው እንኳ እንደማይቀር ይመሰክራል። እነሆ ሺሕ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ያ ተሸካሚ ካርቶን ውሃ ይዞ በፊታችን አለፈ።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ዝም ብል መልካም ነበር። ነገር ግን እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደስታ እንኳ ሲመጣብን መታወቂያ የምንጠይቅ ሰዎች ነን። ዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የምንከራከረው ክርክር ትዝ አለኝ። «አበባ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። መጀመሪያ እንጀራ፣ ከዚያ በኋላ ውበት» የሚለው ወገን አለ። እኔም ለብዙ ጊዜ የዚያ ወገን ሰው ነበርኩ። እውነትም ለመናገር፣ የዚህ ወገን ጠበቃ በሙዳን ታሪክ ውስጥ ምስክር አያጣም።

በታንግ ዘመን የኖረው ባለቅኔው ባይ ጁዪ (እ.ኤ.አ. 772–846) በመናገሻው ከተማ የሙዳን ገበያ ሲደራ አይቶ፣ የአንድ እቅፍ አበባን ዋጋ መካከለኛ ኑሮ ያላቸው አሥር ቤተሰቦች ከሚከፍሉት ግብር ጋር እያስተያየ የሚወቅስ ግጥም ጽፏል። በኦውያንግ ሺዩ ዘመን ደግሞ ከሉኦያንግ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማ ወደ ካይፈንግ አበባ በፈረሰኛ ይላክ ነበር። ፈረሰኛው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይጋልባል። የሚጭነው ምን ያህል ነው? ጥቂት አበባ ብቻ! አበቦቹ እንዳይንገላቱ በቀርቀሃ ቅርጫት ውስጥ በጎመን ቅጠል ይታቀፋሉ፤ ለብዙ ቀን እንዳይረግፉም የተቆረጠው እግራቸው በሰም ይደፈናል። የመንግሥት ፈረስ፣ የመንግሥት ፈረሰኛ፣ አንድ ሌሊት ሙሉ፤ ለአንድ ሰው ዓይን።

ከሁሉ የከፋው ግን በያንግጆው ከተማ የሆነው ነው። እዚያ የሙዳን ዘመድ የሆነው ሻኦያኦ የሚባለው አበባ ይበቅላል። ገዥዎቹ «የአእላፍ አበባ ግብዣ» የሚሉትን በዓል ከሉኦያንግ ቀድተው አቋቋሙ፤ ለአንድ ግብዣም ከ100,000 በላይ አበባ ይቆረጥ ጀመር። የየሰዉ አትክልት ተራቆተ፤ ጸሐፊዎቹና አስገባሪዎቹም በአበባ ስም ሕዝቡን መዝረፍ ያዙ። ባለቅኔው ሱ ሺ እ.ኤ.አ. በ1092 የከተማይቱ ገዥ ሆኖ ሲመጣ «ምን ያስቸግራችኋል?» ብሎ ሕዝቡን ቢጠይቅ፣ ከሁሉ አስቀድመው የነገሩት ይህንኑ የአበባ ግብዣ ነበር። ሱ ሺም ሻረው።

ታዲያ አበባ ወንጀለኛ ነው? እንዲህ ያሉ ሰዎች ተነሥተው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1976 በቆየው የባህል አብዮት ዘመን በቻይና አበባ ማሳደግ ራሱ የአሮጌው ሥርዓት ቅሪት፣ የባለጸጎች ምኞት ተብሎ ተወግዟል፤ በየቦታው ብዙ አትክልት ጠፍቷል። የሱ ሺን ሥራና የእነዚህን ሥራ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት። ሱ ሺ የሻረው ግብዣውን ነው እንጂ አበባውን አልረገመም። የሰዉን አትክልት ከዘረፋ አዳነ። እነዚያ ግን የጌታውን ኃጢአት በተክሉ ላይ አላከኩ። ጌታው ፈረስ ስለሚጋልብ ፈረስ አይታረድም። ያ ተሸካሚ አበባ ደፍቶ ሲያልፍ የማንንም እንጀራ አልነጠቀም። «መጀመሪያ እንጀራ» የሚለው ወገን አንድ ነገር ይረሳል፤ ይኸውም የተራበ ሰው ዓይን እንዳለው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «አበባ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው አይደለም። ጥያቄው አበባው የማን ነው የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ታሪክም እዚያው ኦውያንግ ሺዩ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ጓደኛዬ ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው የተረከልኝ።

ከሙዳኖች ሁሉ የከበሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ያኦ ሁዋንግ፣ «የያኦ ቢጫ» ይባላል፤ ያኦ ከሚባል ተራ ሰው ቤት የወጣ ነው። ሁለተኛው «የዌይ አበባ» ነው፤ ዌይ የሚባል የመንግሥት ትልቅ ሚኒስትር ነበርና በእሱ ስም ተጠራ። ይሁን እንጂ አበባውን ያገኘው ሚኒስትሩ አልነበረም። አንድ እንጨት ለቃሚ ነው ተራራ ላይ ሲዞር አይቶ፣ ቆርጦ፣ አምጥቶ ለዌይ ቤት የሸጠው። የእንጨት ለቃሚው ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ይህን ስሰማ «እዚያም እንደዚሁ ነው እንዴ?» አልኩ በልቤ።

የዌይ ቤተሰብ ግቢ ሰፊ ኩሬ ነበረው፤ አበባውም ከኩሬው ማዶ ነበር። የአበባው ዝና ሲወጣ ሊያይ የሚመጣው ሰው በዛ። ቤተሰቡም መላ መታ፤ ከአሥር በላይ ሳንቲም ያልከፈለ በጀልባ ኩሬውን ተሻግሮ አበባውን አያይም። በየቀኑ በገመድ የተሰካ ከአሥር ዘለላ በላይ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። አበባው እንደ ሆነ በመታየቱ አንዲት ቅጠል አልጎደለበትም። የተሸጠው አበባው ሳይሆን ኩሬው ነው፤ መካከል የገባው ውሃ።

በኋላ ቤተሰቡ ደኸየና ፈረሰ። ግቢው ተሸጠ። በኦውያንግ ሺዩ ጊዜ በቦታው የቤተ መቅደስ መነኮሳት እያረሱ ስንዴና እንጆሪ መሰል የሐር ትል ዛፍ ይተክሉበት ነበር። እነሆ አበባው ሄዶ እንጀራው መጣ፤ ፍርድ ተፈጸመ የሚል ይኖራል። ነገር ግን ታሪኩ አላለቀም። አበባው ቀድሞውኑ ወደ ብዙ ተራ ሰዎች ቤት ተዛምቶ ነበር። የዌይ ግቢ ስንዴ ሲሆን የዌይ አበባ በየድሃው ደጅ ይፈነዳ ነበር ማለት ነው። ያዳነው መብዛቱ ነው።

እንዴት በዛ? ሙዳን ከዘር ሲበቅል እናቱን አይመስልም። ያንኑ ዓይነት ለማግኘት ከእናቲቱ ጫፍ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ሥር ላይ ማጣበቅ ያስፈልጋል። ይህን ቅርንጫፍ ቅጥያ ልበለው። በዚያ ዘመን አንድ የያኦ ቢጫ ቅጥያ 5,000 ሳንቲም ያወጣ ነበር። በመኸር ውል ይዋዋላሉ፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ግን በፀደይ አበባው ፈንድቶ ሲታይ ነው። የዌይ አበባ ቅጥያም መጀመሪያ 5,000 ነበረ፤ እየበዛ ሲሄድ ወደ 1,000 ወረደ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። የሉኦያንግ ሰዎች ያኦ ሁዋንግን ከመውደዳቸው የተነሣ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛመት አይፈልጉም ነበር ይላል ኦውያንግ ሺዩ። ስለዚህ ባለሥልጣን ወይም ባለጸጋ መጥቶ ቅጥያ ሲጠይቃቸው፣ አንዳንዶቹ ቅጥያውን በሙቅ ውሃ ነክረው ይገድሉትና ይሰጡት ነበር።

ልብ በሉ። «አልሰጥም» አላሉም። ሰጡ! ተቀባዩም አመስግኖ ሄደ። ቅጥያው አረንጓዴ ነው፣ እንቡጥ አለው፣ ምንም አይጎድለውም፤ ሞቷል እንጂ። ተቀባዩ ይህን የሚያውቀው ፀደይ ሲመጣ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን «አፈሩ አልተስማማውም ይሆናል፣ እኔ አላወቅሁበትም ይሆናል» ብሎ ራሱን ይወቅሳል እንጂ ሰጪውን አይጠረጥርም።

ይህን ስሰማ የአበባውን አክሊል ከጭንቅላቴ አወረድኩ። ጓደኛዬ «ምነው፣ ሞቀህ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

አሁን በራሴ ላይ እናገራለሁ ያልኩትን ልናገር። በ2010 ዓ.ም. ወደ ቻይና የሚወስደው የነጻ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ ተለጥፎ ያየሁት አንድ ቀን ወደ ማታ ነው። በአንድ ቢሮ በር ላይ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ግማሹ ተሸፍኖ ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ዶርም ስገባ ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው ጓደኛዬ ተጋድሞ ያጠና ነበር። ይህ ልጅ ከእኔ የተሻለ ተማሪ ነው። የእሱን ኖት ኮፒ ያላደረገ የክፍላችን ልጅ የለም፤ እኔም ሁለት ኮርስ ያለፍኩት በእሱ ኖት ነው። «ምን አዲስ ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምንም አልኩት። ትራንስክሪፕቴን አወጣሁ፣ የጤና ምርመራዬን ጨረስኩ፣ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍኩ፣ አስገባሁ። ሁለት ቀን ሲቀረው ነገርኩት። «ኧረ ስማ፣ እንዲህ ያለ ነገር ተለጥፎ አየሁ፤ ለምን አትሞክርም?» አልኩት። ልክ አሁን እንዳየሁት አድርጌ! ትራንስክሪፕት ለማውጣት ብቻ ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ ግን ከአልጋው ዘልሎ ወረደና፣ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎኝ ሮጠ። አልደረሰም። ሲመለስም ያለው «የእኔ ስንፍና ነው፤ ማስታወቂያ ማየት ነበረብኝ» ነው።

እንግዲህ ያ ቅጥያ ይህ ነው። አረንጓዴ፣ ባለ እንቡጥ፣ የሞተ።

በሉኦያንግ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩለት። ጠበቃውም እንዲህ አለ፦ «ወንበሩ የተቆጠረ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ወንበር አይቀመጥም። እሱ ቢያመለክት አንተ ትቀር ነበር። ይህ አበባ አይደለም፣ እንጀራ ነው፤ ሲካፈሉት ይጎድላል።» ጥሩ ክርክር ነው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በዚህ ክርክር ነው። ነገር ግን አንድ ማታለል አለበት። ወንበሩ እንጀራ ነው፤ እውነት ነው። ወሬው ግን እንጀራ አይደለም። «ማስታወቂያ ተለጥፏል» ማለት ከእኔ ምንም አይቀንስም። እኔ ያደረግሁት የማያልቀውን ነገር የሚያልቅ ማስመሰል ነው፤ እንደ ዌይ ቤተሰብ በአበባውና በሰው መካከል ኩሬ ማስገባት። ተወዳድሮ መሸነፍ መብቱ ነበር፤ ያንን ነሣሁት። ከራሴም አንድ ነገር ነሣሁ። ባሸንፈው ኖሮ አሸነፍኩ እል ነበር። አሁን ግን አሸንፌ ይሁን አይሁን እስክሞት አላውቅም።

ጠበቃው ሁለተኛ ክርክር አመጣ፦ «የሉኦያንግ ሰዎችስ? እነሱም እንደዚሁ አድርገዋል። አንተ ደግሞ ከነሱ ትበልጣለህ?» ይህኛው ከበደኝ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ያገኘሁት መልስ የሚከተለው ነው፤ ትክክል ካልሆነ በሚቀጥለው እትም አርሙኝ። ለሉኦያንግ አትክልተኛ ቅጥያ የሚጠይቀው ባለሥልጣን ነው። እምቢ ቢለው መዘዝ አለው፤ እሺ ቢለው ያለውን ሁሉ ሊያጣ ነው። ሥልጣን በደጁ የቆመበት ደካማ ሰው በአፉ እሺ፣ በእጁ እምቢ ማለቱ የነበረ ነው፤ የተረቱ ሙዳንም ከንግሥት ጋር የተጣላው በዚሁ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጻ አልለቀውም፤ ግን ይገባኛል። የእኔ ሙቅ ውሃ የፈሰሰው ወደ ላይ አይደለም። የፈሰሰው ወደ ጎን ነው፤ ኖቱን ያካፈለኝ፣ በአንድ የብረት አልጋ ከላይና ከታች የተኛን ወንድሜ ላይ። ደካማ በጌታው ላይ የሚጠቀምበትን ተንኮል በባልንጀራው ላይ ሲያደርገው ስሙ ይለወጣል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይሉናል አባቶቻችን። እኔ ደግሞ የማይበላውን ነገር ነው ብቻዬን የበላሁት።

ከአግዳሚው ተነሥተን ስንሄድ አንድ ሽማግሌ አትክልተኛ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ቁጢጥ ብለው የረገፈውን ሲለቅሙ አገኘናቸው። በተሰባበረ ቻይንኛዬ፣ ጓደኛዬም እየረዳኝ፣ «ቅጥያው እንዴት ነው የሚያያዘው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አዩኝ፤ የመጣሁበትን አገር እንኳ አልጠየቁም። ከመሬት ጭራሮ አነሡና በጥፍራቸው እየቀረጹ ያሳዩኝ ጀመር። በመኸር ነው፣ አሁን አይሆንም። ጫፉን እንዲህ እንደ ሽብልቅ ትቀርጸዋለህ። የሻኦያኦ ሥር ትወስድና እንዲህ ትሰነጥቀዋለህ። ትሰካዋለህ፣ ታስረዋለህ፣ አፈር ታለብሰዋለህ። የሚይዘው ልጡ ከልጡ ሲገጥም ነው አሉና ሁለቱን አውራ ጣቶቻቸውን አጋጠሙ። ከጎናችን የቆሙ ሁለት ሴቶችም አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ነበር። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ እንዲያውም እነሱም እንዲሰሙ ከፍ አደረጉ። ያ ሁሉ የ5,000 ሳንቲም ምስጢር በአንዲት ጭራሮ አለቀ። ጭራሮዋን ሰጥተውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በባቡር ስንመለስ ጓደኛዬ ስለ ኦውያንግ ሺዩ አንድ ነገር ጨመረልኝ። ሰውየው በሉኦያንግ አራት ፀደይ አሳልፎ ሙዳኑ በሙሉ ድምቀቱ ሳለ አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም። በመጀመሪያው ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። በሁለተኛው ከወዳጁ ጋር ወደ ተራራ ሄዶ ነበር። በሦስተኛው ሚስቱ ሞታበት ሐዘን ላይ ነበረ። በአራተኛው የሹመት ዘመኑ አልቆ ተሰናበተ። ይህን ራሱ ነው በመጽሐፉ የተናገረው። ሙሉውን ሳያይ ያየችውን ያህል ለማያውቀው ሰው ሁሉ ጻፈ፤ የሚያያዝበትን ዘዴ፣ የሚጠጣውን ውሃ፣ የሚገድለውን ትል ሳይቀር። እኔ አንዲት ማስታወቂያ ይዤ ዘጠኝ ቀን ዝም አልኩ።

አገሬ ስመለስ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ነው። ብዙ ቀን ያዘጋጀሁትን ንግግር ገና ስጀምር፣ «አውቃለሁ» አለኝ። በዚያን ዕለት እየሮጠ ሄዶ ማስታወቂያውን ሲያነብ የተለጠፈበትን ቀን ሥሩ ላይ አይቶታል። የእኔን ስም ደግሞ ካመለከቱት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከስድስት ቀን በፊት ተመዝግቦ አይቷል። «ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?» አልኩት። ሻዩን እያማሰለ ቆየና፣ «ምን ልበልህ?» አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ያላልኳችሁ አንድ ነገር ቀርቷል። ወደ ቻይና በሄድኩበት ሌሊት ከዶርም እስከ ታክሲው ድረስ ትልቁን ሻንጣዬን የተሸከመልኝ እሱ ነበር። አውቆ ነው የተሸከመው። ከሉኦያንጉ ተሸካሚ ይልቅ ዛሬ በዓይኔ የሚመላለሰው ይህኛው ነው።

ይቅር ብሎኛል ብዬ አልጽፍም፤ ይህን የመናገር መብቱ የእሱ ነው። እናንተን ግን ልጠይቃችሁ። ባለፈው ዓመት የተጠየቀውን የፈተና ወረቀት በፍራሻችሁ ሥር የያዛችሁ፣ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ገንጥላችሁ የወሰዳችሁ፣ «ይህ ኮርስ ቀላል ነው፣ ምንም አታንብብ» ብላችሁ ለባልንጀራችሁ የምትመክሩ፣ ስታካፍሉት የሚጎድለው የትኛው ነው? ወንበሩ ይጎድላል፤ ገንዘቡ ይጎድላል፤ እንጀራው ይጎድላል። በእነዚህ ላይ ብንጣላም ብንከራከርም ያባት ነው። የቀረው ሁሉ ግን ቅጥያ ነው፤ ቢቆረጥለት እናቲቱ አትሞትም። ይህች መጽሔታችንም ብትሆን ከአንድ ስቴንስል ተባዝታ ከእጅ ወደ እጅ ካልሄደች ምንድን ናት?

ጭራሮዋ እስከ አሁን አለችኝ፤ መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት። ዘዴውን ማወቅ የሚፈልግ ካለ ዶርም ይምጣና አሳየዋለሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳውን ደግሞ በየሰኞው ጠዋት እያየሁ አዲሱን ሁሉ ገልብጬ ካፌው በር ላይ እለጥፋለሁ። ሳልለጥፍ የቀረሁ ዕለት ጠይቁኝ።